ከዳሌ ጉዳት በኋላ፦ ስለ አንቶኔላ ፓልሚሳኖና ስለ እርምጃ ውድድር ላቀረባችሁት ጥያቄ መልስ

ከጉዳት ተመልሳ ሜዳሊያ ስላገኘችው ጣሊያናዊት የእርምጃ ተወዳዳሪ የፈለጋችሁትን ጠይቁኝ ብዬ ነበር። ለስድስት ዓመት በእርምጃ ተወዳድሬያለሁ፤ አሁን ታዳጊዎች አሠለጥናለሁ። ቀኖቹም ዓመቶቹም ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ ስሟን ገና ዛሬ ሰማሁ። ማን ናት?

አንቶኔላ ፓልሚሳኖ በደቡብ ጣሊያን፣ ፑሊያ ውስጥ ካለች ሞቶላ ከምትባል ትንሽ ከተማ የወጣች ልጅ ናት። በ2016 በሪዮ ኦሊምፒክ 4ኛ ወጣች። በ2017 በለንደኑ የዓለም ሻምፒዮና ነሐስ አገኘች። የቶኪዮ ኦሊምፒክ ሲመጣ ሙቀቱ ስላስፈራ የእርምጃው ውድድር በሰሜን ጃፓን ወዳለችው ሳፖሮ ከተማ ተዛውሮ ነበር። እዚያ ነሐሴ 6 ቀን 2021፣ ልክ 30 ዓመት በሞላት ዕለት፣ 20 ኪሎ ሜትሩን በ1 ሰዓት ከ29 ደቂቃ ከ12 ሰከንድ ጨርሳ ወርቁን ወሰደች። በዋዜማው የወንዶቹን ወርቅ ያገኘው ማሲሞ ስታኖም የፑሊያ ልጅ ነው። ስትወዳደር ፀጉሯ ላይ የምታደርጋት አበባ እናቷ የምትሠራላት ናት።

ጥያቄ፦ እኔ ስሮጥ ከምፈጥነው በላይ እየፈጠኑ እንዴት "እርምጃ" ይባላል?

ሁለት ሕግ አለ። አንደኛ፣ ሁለቱም እግር ከመሬት ሲለቅ በዓይን መታየት የለበትም። ሁለተኛ፣ ወደ ፊት የተዘረጋው እግር መሬት ከነካበት ቅጽበት ጀምሮ አካል ቀጥ ብሎ በላዩ እስኪያልፍ ድረስ ጉልበቱ መታጠፍ የለበትም። ዳኞች የሚፈርዱት በዓይናቸው ብቻ ነው። አንድ ዳኛ ለአንድ ተወዳዳሪ ከአንድ በላይ ቀይ ካርድ አይሰጥም። የሦስት ዳኞች ቀይ ካርድ ሲጠራቀምብህ የቅጣት ስፍራ ገብተህ ትቆማለህ፤ በ20 ኪሎ ሜትር ቅጣቱ 2 ደቂቃ ነው። አራተኛው ከመጣ ከውድድሩ ትወጣለህ።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ጉዳቷ ምን ነበር? የዳሌ ሕመም ለእርምጃ ተወዳዳሪ ለምን ይህን ያህል ይከብዳል?

ይህን ጥያቄ ስጠብቀው ነበር። ከወርቁ በኋላ ዳሌዋን ታመመችና የ2022ን የዓለም ሻምፒዮና ሳትወዳደር ቀረች። የኦሊምፒክ አሸናፊ ሆና፣ ጓደኞቿ አሜሪካ፣ ኦሪገን ላይ ሲወዳደሩ እሷ ቤቷ ቀረች።

ሯጭ ጉልበቱን አጥፎ፣ ትንሽ በአየር ላይ ተንሳፍፎ እርምጃውን ያስረዝማል። እርምጃ ተወዳዳሪ ግን ይህ ተከልክሎበታል። ጉልበቱ ቀጥ ብሎ ስለሚያርፍ እርምጃውን የሚያስረዝምለት ዳሌው ነው፤ በእያንዳንዱ እርምጃ ወደ ፊት ይዞራል፣ ወደ ጎንም ዝቅ ይላል። ሰው እያየ የሚስቅበት ያ ውዝዋዜ የስፖርቱ ሞተር ነው። በዚህ ደረጃ ያሉት በደቂቃ ከ200 በላይ ይራመዳሉ። በአንድ ውድድር ከ17 ሺህ ጊዜ በላይ ዳሌ ይዞራል ማለት ነው።

ዳሌ ሲታመም ሰውነት ሳታዝዘው ያንን ጎን ይጠብቃል። እርምጃው ይዛነፋል፣ ጉልበት ቀድሞ ይታጠፋል። ሯጭ እያነከሰም ቢሆን መሮጥ ይችላል፤ ፍጥነቱን እንጂ ውድድሩን አያጣም። የእርምጃ ተወዳዳሪ ካነከሰ ግን ዳኛው አየው። ስለዚህ ከጉዳት መመለስ ማለት ጤናም አቅምም ብቻ አይደለም፤ አረማመዱም ንጹሕ ሆኖ መመለስ አለበት።

እኔ ይህን የተማርኩት በራሴ ላይ ነው። ቋንጃዬን ታምሜ፣ ሕመሙ ሲቀንስልኝ ዳንኩ ብዬ ቶሎ ወደ ውድድር ገባሁ። ትንፋሼ ጥሩ ነበር፣ ልቤም ሞልቶ ነበር። ግማሹን ሳላጋምስ ግን በጉልበቴ መታጠፍ ምክንያት ወጣሁ። እግሬ ሕመሙ ከለቀቀው በኋላም መሸሹን አልተወም ነበር። እንደገና ቀስ ብሎ መራመድ ለመማር ወራት ፈጀብኝ። በዚያ የተነሳ የዚህች ልጅ መመለስ ለእኔ ከወርቋ ይበልጥብኛል።

ጥያቄ፦ ታዲያ ስትመለስ እንደ ድሮዋ ሆነች?

ነሐሴ 2023 ቡዳፔስት ላይ በዓለም ሻምፒዮና ነሐስ፣ 1 ሰዓት ከ27 ደቂቃ ከ26 ሰከንድ። ከሳፖሮው ሰዓቷ በ1 ደቂቃ ከ46 ሰከንድ የፈጠነ ነው። (ሳፖሮ ሙቀት ነበር፤ ሰዓቶቹን እኩል አትመዝኗቸው።) የስፔኗ ማሪያ ፔሬዝና የአውስትራሊያዋ ጀሚማ ሞንታግ ብቻ ናቸው የቀደሟት። ሰኔ 2024 ደግሞ በገዛ አገሯ፣ ሮም ላይ፣ የአውሮፓ ሻምፒዮን ሆነች።

ጥያቄ፦ ፓሪስ ላይ አቋርጣ ወጥታ የለም እንዴ? ያኔ አቁማ ቢሆን አይሻልም ነበር?

አዎ፣ በፓሪስ ኦሊምፒክ አልጨረሰችም። ማቆም ነበረባት የሚለውን ግን አልቀበልም። በ2025 ቶኪዮ በተደረገው የዓለም ሻምፒዮና ወደ 35 ኪሎ ሜትር ወጥታ ብር አገኘች፤ ከፔሬዝ ቀጥላ ማለት ነው። ያኔ ዕድሜዋ 34 ነበር። የሚያሠለጥናት ባለቤቷ ሎሬንዞ ዴሲም የእርምጃ ተወዳዳሪ ነበር፤ ሕመሙን በስም የሚያውቅ ሰው አጠገቧ አለ። አቋርጦ መውጣትን እንደ ውርደት የምናይ ሰዎች በዚህ ስፖርት እንሳሳታለን፤ ልምምድ ላይ የታመመን ዳሌ ይዞ እስከ መጨረሻው መጎተት የሚቀጥለውን ዓመት ይበላል።

ጥያቄ፦ ኢትዮጵያ በዚህ ስፖርት የለችም?

አለች! በፓሪስ በወንዶች 20 ኪሎ ሜትር ምስጋና ዋቁማ 6ኛ ወጥቷል። 10 ሺህ ሜትሩን ለማየት ያመሸን ሰዎች የሱን ውድድር ስንቶቻችን አየነው?

ጥያቄ፦ ልጄ 15 ዓመቷ ነው፣ እርምጃ ትለማመዳለች። ዳሌዋን ያማታል፤ አሠልጣኟ "ይለቅቃል፣ ቀጥይ" ይላታል። ምን ላድርግ?

እናቴ፣ መጀመሪያ ሐኪም ይያት። ገና የምታድግ ልጅ ስለሆነች ሕመሙን በግምት መተው አይቻልም። ሐኪሙ ከፈቀደላት በኋላ ቪዲዮ ቅረጹላት፤ ከፊት፣ ከኋላ፣ ከጎን፣ በዝግታ ስትራመድ። ሁለቱ ጎኖች እኩል የማይዞሩ ከሆነ ኪሎ ሜትር መጨመር የለባትም። ሰዓት መያዝም ለጊዜው ይቅር። ቪዲዮውን ከላካችሁልኝ እኔም አየዋለሁ፤ ከሐኪሙ ቃል በኋላ ግን ነው።

ጥያቄ፦ ርቀቶቹ ተቀየሩ የሚባለው እውነት ነው?

እውነት ነው። ከ2026 ጀምሮ 20ው በግማሽ ማራቶን፣ 35ቱ ደግሞ በማራቶን ርቀት ተተክተዋል። 42 ኪሎ ሜትር ከ195 ሜትር፣ ጉልበት ሳይታጠፍ። ፓልሚሳኖ የትኛውን እንደምትመርጥ በጉጉት እጠብቃለሁ፤ እኔ ብሆን ማራቶኑን እላት ነበር።