የአርቪ ጉዞ ዕረፍትነቱ ለማን ነው?

ሰመር ሲደርስ የሚላኩልን ጥያቄዎች አብዛኞቹ ስለ ጉዞ ናቸው። ዘንድሮ ደግሞ አርቪ (አልጋ፣ ምድጃና ሽንት ቤት ያለው የጉዞ መኪና) ተከራይቶ ከቤተሰብና ከድሮ ጓደኛ ጋር ካምፒንግ መውጣትን የሚመለከቱት በዝተውብናል። አራቱን መርጠናል።

ጥያቄ፦ ከሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ጀምሮ የምንተዋወቅ ሦስት ጓደኛሞች ነን። ሁላችንም ሜሪላንድና ቨርጂኒያ ነው ያለነው፣ ግን የምንገናኘው ሠርግና ለቅሶ ላይ ብቻ ሆኗል። ለሌበር ዴይ (በሴፕቴምበር የመጀመሪያው ሰኞ) አርቪ ተከራይተን ከአርብ እስከ ሰኞ ቨርጂኒያ ያለው ሸናንዶዋ ፓርክ ልንከርም አስበናል። ሚስቶቻችንና ልጆቻችን አሉ፣ ከአዲስ አበባ የመጡ የ74 ዓመት እናቴም አብረውን ይሄዳሉ። ባለቤቴ ግን «ለእናንተ ዕረፍት ነው፣ ለእኛ ወጥ ቤት መቀየር ነው» ብላ እምቢ አለች። ምን ላድርግ? ስለ አርቪውስ ምን ማወቅ አለብን?
ከሲልቨር ስፕሪንግ

መልስ፦ ወንድሜ፣ ባለቤትህ እውነቷን ነው። ስለዚህ ከአርቪው በፊት ከእሷ ልጀምር።

ብዙ ቤተሰብ «ወጡን ቤት ሠርተን እንጭናለን፣ እዚያ ማሞቅ ብቻ ነው» ይላል። ይሄ ሥራውን አያቀልም፣ ወደ ረቡዕና ሐሙስ ማታ ነው የሚያመጣው። ሽንኩርት የምትከትፈው ያው እሷ ናት፣ ከሥራ ደክማ ገብታ። እዚያ ከደረሳችሁ በኋላም ማን ያቅርብ፣ ማን ይጠብ፣ ልጆቹን ማን ያብላ የሚለው ሳይነገር ወደ ሴቶቹ ይሄዳል። እናንተ ሦስታችሁ እሳት ዙሪያ የትምህርት ቤት ጊዜ እያነሳችሁ ስትስቁ እነሱ ሰሃን ያጥባሉ። እሷ የፈራችው ይሄንን ነው፣ ፍርሃቷም ልክ ነው።

እንግዲህ ምግቡን ሦስታችሁ ወንዶች ውሰዱት። እንረዳለን አትበሉ፣ ኃላፊነቱ የእናንተ ይሁን። የምትሄዱት ፍልሰታ ከተፈታ በኋላ ስለሆነ የጾሙ ጉዳይ አርብ ብቻ ነው፣ ለአርብ ማታ ደግሞ ሲልቨር ስፕሪንግ ውስጥ የጾም በያይነቱ የሚሸጥበት ቤት አታጣም። አዝዘህ ይዘህ ውጣ። እንጀራም ግዛ። ቅዳሜና እሁድ ጥብስ ነው፣ ሥጋውን ሥጋ ቤት አስከትፈህ በኩለር ትይዛለህ፣ እሳት ላይ ጥብስ መጥበስ የማይችል ወንድ ደግሞ አላውቅም። ለቁርስ ድርቆሽ ያዙ። ድርቆሽ ለካምፒንግ የተፈጠረ ነው ማለት ይቻላል፦ አይበላሽም፣ ቦታ አይዝም፣ ቋንጣና ትንሽ ቅቤ ካለ በአሥር ደቂቃ ፍርፍር ይሆናል። ሰሃኑ የወረቀት ይሁን፣ የአርቪ ውሃ በታንከር የሚያዝ ስለሆነ ለሦስት ቤተሰብ ዕቃ ማጠቢያ አይበቃም። ይሄን ሁሉ ወረቀት ላይ ጽፈህ፣ የማን ቀን የማን እንደሆነ ለይተህ ለባለቤትህ አሳያት። በቃል ብቻ ከነገርካት አታምንህም፣ ባታምንህም አልፈርድባትም።

ምጣድ አትጫን! እዚህ አገር ብዙ ሰው እንጀራ የሚጋግርባት ክብ የኤሌክትሪክ ምጣድ ብቻዋን 1,400 ዋት ገደማ ትስባለች። 30 አምፒር ያለው አርቪ ቢበዛ 3,600 ዋት ነው የሚችለው፣ ኤሲውና ማይክሮዌቩ ሲጨመሩ ብሬከሩ ይወርዳል። ለነገሩ ሸናንዶዋ ውስጥ ባሉት የካምፕ ቦታዎች ኤሌክትሪክ የሚሰካበት ጭራሽ የለም፣ ውሃም ከቱቦ በቀጥታ አታገናኙም። ያላችሁ ጄኔሬተር ነው፣ እሱም የሚፈቀደው በቀን በተወሰኑ ሰዓታት ብቻ ነው። ያለ ኤሌክትሪክ አይሆንልንም ካላችሁ ከፓርኩ ውጭ ሉሬይ ከተማ አካባቢ ሶኬት ያለው የግል ካምፕ አለ። እኔ ግን ፓርኩ ውስጥ ብታድሩ እመርጣለሁ። እዚያ ያለው ቢግ ሜዶስ የሚባለው የካምፕ ቦታ ከፍ ያለ ስለሆነ ዋሽንግተን በሙቀት ስትቃጠል እዚያ ማታ ጋቢ ያስፈልጋል። እናትህ ስለ ከፍታው እንዳይሰጉ፣ 3,500 ጫማ ገደማ ነው፣ የአዲስ አበባን ግማሽ እንኳ አይሞላም።

ወደ መንገዱ እንምጣ። ፓርኩን የሚያቋርጠው ስካይላይን ድራይቭ 105 ማይል ይረዝማል፣ ፍጥነቱ በሰዓት 35 ማይል ብቻ ነው፣ ጠመዝማዛ ነው። በቶርንተን ጋፕ በር ገብታችሁ ወደ ደቡብ ስትሄዱ ወዲያው ሜሪስ ሮክ የሚባል ዋሻ ታገኛላችሁ፣ ከፍታው 12 ጫማ ከ8 ኢንች ነው። ስለዚህ የአርቪያችሁን ቁመት ጣሪያው ላይ ያለውን ኤሲ ጨምራችሁ ጠይቁ፣ ጽፋችሁም መሪው አጠገብ ለጥፉት። ካሰጋችሁ ዞራችሁ በደቡብ በኩል በስዊፍት ረን ጋፕ ግቡ፣ ከዚያ ወደ ቢግ ሜዶስ ዋሻ የለም። መንጃ ፈቃድ የሚያሳስብ አይደለም፣ የተለመዱት የኪራይ አርቪዎች በመደበኛው ይነዳሉ። ቤንዚን ግን ይጠጣሉ፣ በጋሎን 10 ማይል ገደማ ብትሄዱ ነው። «7 ሰው ያስተኛል» ማለትም የ7 ሰው ቀበቶ አለው ማለት አይደለም፣ ይሄን ሳታጣሩ እንዳትፈርሙ። እናትህ ደክሟቸው እንኳ ቢሆን መኪናው እየሄደ አልጋ ላይ እንዳይጋደሙ። እንደውም ለእሳቸው መንገዱን ተራ መኪና ይሻላል፣ አርቪ ከኋላ በጣም ያናውጣል። ስትደርሱ የኋለኛውን አልጋ ለእሳቸው ስጡ፣ ለሽንት ቤት ቅርብ ነው፣ መሰላልም የለውም።

ሽንት ቤት ካነሳን አይቀር፣ የቆሻሻውን ታንከር ማን እንደሚያፈስ ከወዲሁ ይታወቅ። ቢግ ሜዶስ የማፍሰሻ ቦታ አለ። መጀመሪያ የሽንት ቤቱ፣ ቀጥሎ የመታጠቢያው ውሃ ይፈሳል፣ ሁለተኛው ቱቦውን ያጥበዋል። ማገዶም ከቤት አትጫኑ፣ በእንጨት ውስጥ የሚጓዝ ዛፍ የሚጨርስ ጥንዚዛ ስላለ ይከለከላል፣ እዚያው ግዙ። ድብም አለ። ንጥር ቅቤ፣ ሥጋ፣ የተበላበት ሰሃን፣ የልጆች ብስኩት ሳይቀር ማታ ውጭ አይደር።

አንድ የመጨረሻ ነገር። ሦስታችሁ ለዓመታት ያልተጨዋወታችሁት ስላለ ወሬያችሁ የትምህርት ቤት ትዝታ ብቻ ይሆናል። ደስ ይላል። ግን ያልነበረ ሰው ያን ወሬ ከግማሽ ሰዓት በላይ መስማት አይችልም። ባለቤትህም የራሷ የድሮ ጓደኞች አሏት፣ ማን ይዟት ወጣ? የሚቀጥለው ዓመት ጉዞ የእሷ ጓደኞች ይሁን፣ ይሄንንም አሁኑኑ ንገራት።

ጥያቄ፦ ባለፈው ሰመር በአርቪ ሄደን ዝናብ ጣለ። አማቴ ቡና ሳይፈላ አይሆንም ብለው ማንደጃውን ወደ ውስጥ አስገባን፣ ፍሙ በደንብ ነድዶ ጭሱን ጨርሶ ነበር። በኋላ ሁላችንንም ራሳችንን አመመን፣ ጣሪያው ላይ ያለው ማስጠንቀቂያም ጮኸ፣ የእጣኑ ጭስ ነው ብለን ባትሪውን አወጣነው። ዘንድሮም ልንሄድ ነው፣ መስኮት ብንከፍት ይበቃል?
ከአሌክሳንድሪያ

መልስ፦ እህቴ፣ አይበቃም። በፍጹም አይበቃም። እግዚአብሔር ነው ያተረፋችሁ።

እኛ አገር «ፍሙ ጭሱን ከጨረሰ አይጎዳም» የሚል እምነት አለ፣ ስንት ሰው በዚህ እምነት ቤቱ ውስጥ እንደተኛ ቀርቷል። የሚገድለው የምናየው ጭስ አይደለም። ካርቦን ሞኖክሳይድ ይባላል፣ ሽታ የለው፣ ቀለም የለው፣ የቀላ ፍም ጭሱን ከጨረሰም በኋላ እያወጣው ይቀጥላል። ደም ውስጥ የኦክስጅንን ቦታ ይይዛል። መጀመሪያ ራስ ያማል፣ ያጥወለውላል፣ ድካም ድካም ይላል፣ ሰውየው መንገዱ አድክሞኝ ነው ብሎ ይተኛል። አርቪ ደግሞ ጠባብ ነው፣ ተዘግቶ የተሠራ ነው። ያ የጮኸው መሣሪያ ምናልባት ሥራውን እየሠራ ነበር። ባትሪውን መልሱ፣ ከመውጣታችሁም በፊት ቁልፉን ተጭናችሁ ሞክሩት። ድጋሚ ቢጮህ ሁላችሁም ውጡ፣ ከዚያ 911 ደውሉ።

ቡናው ግን አይቅር። አማትሽ ያለ ቡና ዕረፍት አይሆንላቸውም፣ እኔም እንደሳቸው ነኝ። ቡናውን ቤት ቆልታችሁ ይዛችሁ ሂዱ። ዝናብ ከሆነ ጀበናውን በአርቪው የጋዝ ምድጃ አፍሉ፣ መስኮት ከፍታችሁ፣ ከላይ ያለውን አየር ማውጫ አብርታችሁ፣ እንዳለቀም ወዲያው አጥፉት። ሸክላው በቀጥታ እሳት እንዳይሰነጠቅ ከሥሩ ብረት አድርጉ ወይም የብረት ጀበና ያዙ። ማንደጃው ለብራ ቀን ነው፣ ከበሩና ከመስኮቱ ራቅ ብሎ ሜዳ ላይ። እጣኑም እዚያው። ቄጤማ እንኳ ባይኖር ሣሩ አለ።

ጥያቄ፦ በየዓመቱ አንድ ላይ የምንወጣ የድሮ ጓደኛሞች ነበርን። በ2013 ዓ.ም. ጦርነቱ ሲጀመር ሁለቱ ፌስቡክ ላይ ተሰዳድበው ተለያዩ። አንደኛው በጦርነቱ ወንድሙን አጥቷል። አሁን ሁለቱንም ሳንነግራቸው ለአርቪ ጉዞ ጠርተን እዚያ ብናስታርቃቸውስ?
ከሲያትል

መልስ፦ እባካችሁ እንዲህ አታድርጉ። ሰው ሽማግሌ ፊት የሚቀርበው ፈቅዶ ነው። ተናድዶ ቢነሳ መኪና እንኳ የሌለበት ጫካ ውስጥ ወስዶ ማፋጠጥ ሽምግልና አይባልም።

ደግሞ ጉዳዩን «ፖለቲካ» እያላችሁ የምታዩት ይመስለኛል። ለአንደኛው ፖለቲካ አይደለም፣ ሐዘን ነው። አንድ ነገር ልጠይቃችሁ፦ ሌላኛው ለቅሶ ደርሶታል? እናንተስ በወጉ ደርሳችሁታል፣ ወይስ ማንን እንዳስቀየማችሁ ላለማሳየት ስልክ ደውላችሁ ብቻ አለፋችሁ? ካልደረሳችሁ የሚጀመረው ከዚያ ነው። ዓመታት ቢያልፉም ለቅሶ መድረስ አይመሽበትም። ሌላኛው ሐዘንተኛው ቤት ሄዶ «እግዚአብሔር ያጽናህ» ይበለው፣ ማን ትክክል ነበር የሚለው ሳይነሳ፣ ሻይ ጠጥቶ ይውጣ። እምቢ ካለም አትጫኑት፣ ሁለቱን በየተራ ይዛችሁ ውጡ። ዘንድሮ ከአንዱ ጋር፣ ሌላ ጊዜ ከሌላው ጋር። ጓደኛ የማጣት ሐዘን የእናንተም እንደሆነ ይገባኛል፣ ግን የመታረቂያውን ቀን የሚቆርጠው ወንድሙን የቀበረው ሰው ነው።

ጥያቄ፦ የ13 እና የ15 ዓመት ልጆቼ ኔትወርክ የሌለበት ቦታ አንሄድም ብለዋል። ላስገድዳቸው?
ከዴንቨር

መልስ፦ ውሰጃቸው፣ ግን ስለ ስልክ ምክር እየሰጠሽ አይሁን፣ መንገዱን ሁሉ ታበላሺዋለሽ። ሙዚቃቸውንና ካርታውን ከቤት ሳይወጡ ስልካቸው ላይ ያውርዱ፣ ኔትወርክ ባይኖርም ይሠራል፣ ካርታው ለአንቺም ይጠቅምሻል። ቦታ ካለ እያንዳንዳቸው አንድ ጓደኛ ይጋብዙ። ወላጆች የድሮ ጓደኞቻችንን ይዘን እየወጣን ልጆቹን ብቻቸውን እናመጣቸዋለን፣ እዚያ ደርሰን ደግሞ ለምን አኮረፉ እንላለን።

እውነተኛ ሥራም ስጪያቸው። የ15 ዓመቱ አርቪውን ሲያቆሙ ከኋላ ሆኖ ይምራ፣ ጎማው ሥር እንጨት አስገብቶ ያስተካክል፣ የብዙ አርቪ ፍሪጅ በደንብ የሚሠራው መኪናው ቀጥ ብሎ ሲቆም ስለሆነ ይሄ ቀላል ነገር አይደለም። እሳቱንም እሱ ያንድድ። ማታ ካርታ አውጡና ኮንከር አስተምሯቸው፣ ዳማም በቆርኪ ይሆናል። በመጀመሪያው ቀን ካኮረፉ ተያቸው፣ እሁድ ድረስ ጠብቂ።