መልስ፦ ከልጆች አሮጌ ልብስ ብርድ ልብስ ስለ መስፋት

እህቴ፣ ለልጆችሽ ያጠሩትን ልብሶች ቀጣጥለሽ ብርድ ልብስ ለመስፋት ከየት እንደምትጀምሪ ጠይቀሻል። መልካም አሳብ ነው፤ ጨርቁን አትጣዪው።

በቅድሚያ ሁሉንም አጥበሽ አድርቂ። የሚለጠጠውን ካናቴራ ለጊዜው ተዪው፤ ለጀማሪ የጥጥ ሸሚዝ ይሻላል። ከካርቶን 15 በ15 ሳንቲሜትር መለኪያ አዘጋጂና በእርሱ ልክ ቁረጪ። ስፌቱ በየጎኑ 6 ሚሊሜትር ይውሰድ፤ ስለዚህ እያንዳንዱ ቁራጭ ተሰፍቶ ሲያልቅ 13.8 ሳንቲሜትር ይሆናል። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። አንዱ ስፌት ትንሽ ከሰፋ፣ ጥቂት ረድፍ እንደሄድሽ ማዕዘኖቹ አይገናኙም። እኔ ሁለት ሙሉ ረድፍ የፈታሁት በዚህ ምክንያት ነው። ረድፍ በጨረስሽ ቁጥር በካውያ ተኩሺው።

ለመሃሉ ጥጥ መግዛት አያስፈልግሽም፤ ያረጀ ጋቢ ካለሽ እርሱን አግቢበት። ይሞቃል፣ ሲታጠብም አይቋጠርም። ሦስቱን ድርብ፣ ማለትም የተሰፋውን የላይ ጨርቅ፣ የመሃሉን ጋቢና የታች ጨርቁን፣ ከመሃል ወደ ዳር እየዳበስሽ በመርፌ ቁልፍ ያዢ፤ ከዳር ከጀመርሽ መሃሉ ይሸበሸባል።

ኪሶችን ደግሞ አትፍቺ። የልጄን የአንደኛ ክፍል ሸሚዝ ኪስ ከነእስክሪብቶ ቀለሙ ተውኩት፤ አሁን ማታ ማታ እጇን እዚያ ከትታ ትተኛለች።