ኮምቦልቻ ልመደብ ብለህ ፖሊስ አትግባ

ወንድሜ፣ «የክልል ፖሊስ ብገባ ደሴ ወይ ኮምቦልቻ እመደባለሁ?» ላልከው፣ ዕድሉ አለ፤ ግን እሱን ተማምነህ አትመዝገብ። ክልሉ የሚመድብህ ሰው የጎደለበት ቦታ ነው። ዋግ ኽምራ ወይም ጎጃም ልትላክ ትችላለህ። ፌደራል ከገባህማ አገሩ በሙሉ ነው።

እንደኔ ከሁለቱ ከተሞች ሥራ የሚበዛው ኮምቦልቻ ነው። በ2009 ዓ.ም. የተመረቀው ኢንዱስትሪ ፓርክ፣ ደረቅ ወደቡ፣ ጉምሩኩ፣ አየር ማረፊያው፣ ሁሉም ጥበቃ ይፈልጋል። ትራፊክ ፖሊስም ቢሆን እዚያ ሥራ አይፈታም። ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ የሚያስወጣውን የሐረጎ ዳገት ታውቀው የለ? ክረምት ላይ ጉም ሲወርድበት ከባድ መኪና ሁሉ መብራት አብርቶ እየተንፏቀቀ ነው የሚወጣው። አንዱ ጠመዝማዛው ላይ ከቆመ መንገዱ ተዘጋ ማለት ነው። (ብርድ ካልወደድክም ኮምቦልቻ ከደሴ ይሻልሃል።)

ደመወዙ በማዕረግ ነው የሚያድገው፤ ቶሎ አይደለም። ማስታወቂያው ሲወጣ የአገልግሎት ግዴታውን ሳታነብ እንዳትፈርም።