አንድ ስም በብዙ ማሰሮ ላይ

ጥያቄ፦ በአሪዞና፣ ፊኒክስ ከተማ የምኖር አንባቢያችሁ ነኝ። በቅርቡ ከልጄ ጋር ሙዚየም ሄደን የሆፒ ሕዝብ ሸክላዎችን ስንመለከት፣ በተለያዩ ሰዎች በተሠሩ ማሰሮዎች ላይ «ናምፔዮ» የሚል አንድ ስም አየን። አንዱ ማሰሮ ደግሞ ስም የለውም፤ ከሥሩ ያለው የእንቁራሪት ሥዕል ብቻ ነው። ይህ እንዴት ሆነ? የሆፒ ሸክላ ሥራ ሞቶ በ1895 በተደረገ ቁፋሮ ተነሣ የሚባለውስ እውነት ነው?

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ ከሁለተኛው ጥያቄዎ ብንጀምር ይሻላል፤ የመጀመሪያው ከእርሱ የሚቀጥል ነውና። (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ሆፒዎች በሰሜን ምሥራቅ አሪዞና፣ በሦስት አምባዎች ላይና በግርጌያቸው የሚኖሩ ሕዝብ ናቸው። የመጀመሪያው አምባ በሚባለው አጠገብ ሲክያትኪ የተባለች ፍርስራሽ መንደር አለች። ስሟን የያዘው ሸክላ፣ ትከሻው ሰፊ፣ አንገቱ አጭር፣ በወፍና በላባ ሥዕል ያጌጠ ቢጫ ማሰሮ ሲሆን፣ ከ1400 ገደማ እስከ 17ኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ ድረስ ይሠራ ነበር። በ19ኛው መቶ ዘመንም የሆፒ ሴቶች ሸክላ መሥራት አላቆሙም፤ የያኔው ሥራቸው ግን ላዩ በነጭ አፈር የሚለቀለቅና ከተተኮሰ በኋላ ልቅላቂው የሚሰነጣጠቅ ነበር። ስለዚህ «ሞቶ ነበር» የሚለው ትክክል አይደለም።

ሸክላ ሠሪዋ ናምፔዮ በ1859 ገደማ እዚያው የመጀመሪያው አምባ ላይ ሃኖ በምትባል መንደር ተወለዱ። የሃኖ ሰዎች የፑዌብሎ ሕዝቦች በ1680 በስፔን ገዢዎች ላይ ካነሡት አመፅ በኋላ ከሪዮ ግራንዴ ወንዝ አካባቢ የመጡ የቴዋ ተወላጆች ናቸው፤ የናምፔዮ አባት ግን የዋልፒ መንደር ሆፒ ነበሩ፤ ሙያውንም የተማሩት ከአባታቸው እናት እንደሆነ ይነገራል። ቶማስ ኪም የተባለው የአካባቢው ነጋዴ ከ1895 በፊት ጀምሮ የጥንቱን ሸክላ አስመስለው እንዲሠሩለት ሴቶቹን ያዝዝ ነበር፤ የአሮጌው ሸክላ ገልም በየሜዳው ተበትኖ ይገኝ ነበር። በ1895 የሥነ ቅርስ ተመራማሪው ጄሲ ዎልተር ፍዩክስ ሲክያትኪን ቆፍረው ከመቃብር ያወጧቸውን በርካታ ማሰሮዎች ወደ ዋሽንግተን ላኩ፤ ናምፔዮና ባላቸው ሌሶም ወደ ቁፋሮው ቦታ ሄደው ሥዕሎቹን ቀዱ። ቁፋሮው ተጨማሪ ምሳሌ ሰጣቸው እንጂ እጃቸውን አላስተማረም፤ ለፍዩክስ የሚሰጠው ምስጋና በእኛ እምነት ከሚገባው በላይ ነው። ነጩን ልቅላቂ ትተው በተወለወለው አፈር ላይ በቀጥታ መሣል የጀመሩት፣ ከመቅዳትም አልፈው ጥንታዊውን ጌጥ በራሳቸው አደራደር ያዋቀሩት ናምፔዮ ራሳቸው ናቸው።

ሥራውን ጠጋ ብሎ ማየት ይህን ይበልጥ ግልጽ ያደርገዋል። መሽከርከሪያ የለም፤ ጭቃው በእጅ እንደ ገመድ እየተድቦለቦለ አንዱ በአንዱ ላይ ይደረደራል፤ ከዚያ ይፋቅና በለስላሳ የወንዝ ድንጋይ ይወለወላል። ይህ ድንጋይ ከእናት ለልጅ የሚወረስ ነው። ብሩሹ ጫፉ የተላመጠ፣ ዩካ የተባለ የበረሃ ተክል ቅጠል ነው፤ ጥቁሩ ቀለም ተቀቅሎ እንደ ማር ከወፈረ የዱር ተክል ጭማቂና ከተፈጨ የብረት ድንጋይ ይዘጋጃል። ሲተኮስ ማሰሮዎቹ በአሮጌ ገል ይሸፈኑና ከጉረኖ የወጣ የደረቀ የበግ በጠጥ ይከመርባቸዋል። ግራጫው ጭቃ እሳቱን ሲያገኝ ቢጫ ይሆናል፤ ነበልባሉ የነካው ጎን ደግሞ ወደ ብርቱካንማ ያደላል።

ስሙ የተባዛበት ምክንያት ከዚህ ይቀጥላል። ናምፔዮ መጻፍ አይችሉም ነበር፤ በኋላም ዐይናቸው ደከመ። እርሳቸው በጣታቸው እየዳሰሱ ማሰሮውን ሲያበጁ፣ ሌሶና ሴት ልጆቻቸው አኒ፣ ኔሊና ፋኒ ይሥሉት ነበር፤ ፋኒም በአንዳንዶቹ ላይ የእናቷን ስም ከራሷ ጋር ጽፋለች። እስከ ሞቱበት እስከ 1942 ድረስ አንድ ማሰሮ የሁለት ሰው እጅ የሚገኝበት በዚህ ምክንያት ነው። በሆፒም ሆነ በሃኖ ቴዋዎች ልጅ የሚቆጠረው በእናቱ ጎሳ ስለሆነ፣ ስሙም ሙያውም በሴት ልጆች በኩል ወረደ። የአኒ የልጅ ልጅ ዴክስትራ ኩዎትስኩይቫ (1928–2019) ዙሪያውን በገል ሥዕል የተሸፈነ ማሰሮ በመሥራት ትታወቃለች፤ ቅድመ አያቷ ከመሬት እያነሡ ያጠኑትን ገል እርሷ ራሱን ሥዕል አደረገችው።

እንቁራሪቱ የሌላ ቤተሰብ ምልክት ነው። የፓኳ ናሃ ስም ትርጉሙ እንቁራሪት ስለሆነ በፊርማ ፋንታ እርሱን ይሥሉ ነበር፤ በዕድሜያቸው ማብቂያም ነጭ ልቅላቂን መልሰው አመጡ። ልጃቸው ጆይ ናቫሲ ምልክቱንም ነጩንም ወረሱ፤ ምራታቸው ሄለን ናሃ ግን ላባ መረጡ። ወደ ሙዚየሙ ሲመለሱ የእንቁራሪቱን እግር ልብ ይበሉ፤ ጣቶቹ አጫጭር ከሆኑ የእናትየዋ ነው፤ ረዝመው በቆዳ ከተያያዙ የልጅየዋ ነው።