«የላይኛው ቤት» የሚባለው ቤት ሕግ አያወጣም

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ልጄ አሥረኛ ክፍል ናት። የዜግነት ትምህርት ፈተና ላይ «የፌዴራል ሕግ እንዴት ይወጣል?» ተብላ፣ «መጀመሪያ የተወካዮች ምክር ቤት ያፀድቀዋል፣ ከዚያ ወደ ላይኛው ወደ ፌዴሬሽን ምክር ቤት ይሄዳል» ብላ ጻፈች። መምህሩ በቀይ ሰረዘባት። ሜሪላንድ ያለው አጎቷ ደግሞ በስልክ «ልክ ናት፣ እዚህ ሴኔቱ እንደዚያ ነው የሚሠራው» ብሎ ተከራከረላት። ልጅቷ ሁለት ቀን አኮረፈች። ማን ነው ልክ? (አንዲት እናት፣ ከኮምቦልቻ)

መልስ፦ እህቴ፣ መምህሩ ልክ ነው። ግን ልጅሽን አትቆጫት። እኔም ሥነ ዜጋ ማስተማር በጀመርኩበት ዓመት ሰሌዳው ላይ ሁለት ሳጥን ሠርቼ፣ አንዱን ከታች አንዱን ከላይ አድርጌ፣ በመሀላቸው ወደ ላይ የሚወጣ ቀስት አስምሬ አስተምሬያለሁ። ከኋላ ወንበር አንድ ልጅ እጁን አወጣ። «ቲቸር፣ ቀስቱ የትኛው አንቀጽ ላይ ነው?» አለኝ። ሕገ መንግሥቱን ገለጥኩ፣ ፈለግኩ። ቀስት የለም። ዳስተሩን አንስቼ ጠረግኩትና ሁለቱን ሳጥኖች ጎን ለጎን ሣልኳቸው።

በ1987 የፀደቀው ሕገ መንግሥት አንቀጽ 53 የፌዴራሉ መንግሥት ሁለት ምክር ቤቶች ይኖሩታል ይላል። «ላይኛው»፣ «ታችኛው» አይልም። ሕግ ማውጣት የተወካዮች ምክር ቤት ሥራ ነው። ረቂቁ አብዛኛውን ጊዜ ከሚኒስትሮች ምክር ቤት ይመጣል። «ለሚመለከተው ቋሚ ኮሚቴ ተመራ» ሲባል ዜና ላይ ትሰሚያለሽ። ኮሚቴው አይቶት ሲመለስ ድምፅ ይሰጥበታል። ከፀደቀ ለፕሬዚዳንቱ ይላካል። ፕሬዚዳንቱ በ15 ቀን ውስጥ ካልፈረሙስ? ምንም አይመጣም፤ ሕጉ ያለፊርማቸው ሥራ ላይ ይውላል። ከዚያ ነጋሪት ጋዜጣ ነው። በዚህ ሁሉ መንገድ ላይ ረቂቁ የፌዴሬሽን ምክር ቤትን ደጃፍ አይረግጥም።

አጎቷም አልዋሸም፣ የሚያወራው ስለሚኖርበት አገር ነው። አሜሪካ ውስጥ አንድ ሕግ በሁለቱም ቤቶች ማለፍ አለበት። ሴኔቱ 100 መቀመጫ አለው፣ ትንሿ ዋዮሚንግም ትልቋ ካሊፎርኒያም ሁለት ሁለት ይልካሉ።

ደግሞ እኛም አገር እንደዚያ የነበረበት ዘመን አለ። የ1923ቱ ሕገ መንግሥት ሁለት ቤት አቋቁሟል፦ የሕግ መወሰኛ እና የሕግ መምሪያ ምክር ቤት። አባቴ መወሰኛውን እስኪሞቱ ድረስ «ሴኔት» ነበር የሚሉት። አባላቱን የሚሾሙት ንጉሡ ናቸው። የመምሪያውን ሕዝቡ በቀጥታ መምረጥ የቻለው ከ1948ቱ ማሻሻያ በኋላ ነው፤ ያውም ዕጩው የ1,000 ብር ርስት ወይም የ2,000 ብር ተንቀሳቃሽ ንብረት ሊኖረው ይገባል። ፓርቲ የሚባል ነገር አልነበረም። ደርግ መጥቶ ሁለቱንም ዘጋ። በኋላ በ1980 ያመጣው ሸንጎ አንድ ቤት ብቻ ነበር። «የላይኛው ቤት» የሚለው አጠራር ግን እስካሁን አልለቀቀንም።

ታዲያ የዛሬው የፌዴሬሽን ምክር ቤት ምን ይሠራል? መጀመሪያ ማን እንደሚቀመጥበት ልንገርሽ። ተወካዮች ምክር ቤት በየአምስት ዓመቱ ከየምርጫ ክልሉ ብዙ ድምፅ ያገኘው የሚገባበት ነው። ከ550 አይበልጥም ተብሎ ተወስኗል፣ መቀመጫው 547 ነው። ፌዴሬሽን ምክር ቤት የሚገቡት ግን የብሔር ብሔረሰቦች ወኪሎች ናቸው። እያንዳንዱ ብሔረሰብ ቢያንስ አንድ ሰው አለው፣ ለእያንዳንዱ አንድ ሚሊዮን ሕዝብ ደግሞ አንድ ይጨመርለታል። የሚመርጧቸው የክልል ምክር ቤቶች ናቸው። ክልሎቹ ከፈለጉ ሕዝቡ በቀጥታ እንዲመርጥ ማድረግ ይችላሉ ተብሎ ተጽፏል። በዓመት ቢያንስ ሁለት ጊዜ ይሰበሰባሉ። ለዚህ ነው ቴሌቪዥን ላይ ብዙ የማታያቸው።

ዋናው ሥራቸው ሕገ መንግሥቱን መተርጎም ነው። ሌላ አገር ይህንን የሚያደርጉት ዳኞች ናቸው። እኛ ጋ 11 አባላት ያሉት የሕገ መንግሥት ጉዳዮች አጣሪ ጉባኤ አለ፤ ሰብሳቢው የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ፕሬዚዳንት ነው። ጉባኤው መርምሮ የውሳኔ ሐሳብ ያቀርባል፣ የመጨረሻውን ቃል የሚናገረው ፌዴሬሽን ምክር ቤት ነው።

ይህ ለተራው ሰው ሩቅ ይመስላል፣ ግን አይደለም። አንዲት የአዲስ አበባ ሴት በውርስ ጉዳይ ሸሪዓ ፍርድ ቤት ተከሰሰች። «እዚህ መዳኘት አልፈልግም» አለች። አንቀጽ 34 ሃይማኖታዊ ፍርድ ቤት አንድን ጉዳይ ማየት የሚችለው ተከራካሪዎቹ ሲፈቅዱ ነው ይላል። ፍርድ ቤቱ ተቃውሞዋን አልፎ ፈረደባት። ይግባኝ አላዋጣትም። በመጨረሻ ጉዳዩ ፌዴሬሽን ምክር ቤት ደረሰ። ምክር ቤቱ በ1996 ፍርዱ ከሕገ መንግሥቱ ጋር ይቃረናል ብሎ ሻረላት። እኔ ተማሪዎቼን ይህንን ካስተማርኩ በኋላ ስለ ትርጉም ሥልጣን ሌላ ማብራሪያ አስፈልጎኝ አያውቅም።

ሌላው አንቺም የምታስታውሺው ነው። በ2012 በኮሮና ምክንያት ምርጫው ተራዘመ፣ የምክር ቤቶቹ ዘመን ደግሞ ሊያልቅ ነው። ተወካዮች ምክር ቤት ትርጉም ጠየቀ። ግንቦት ላይ የሕግ ምሁራን አጣሪ ጉባኤው ፊት ቀርበው ሲያስረዱ በቴሌቪዥን አየን፤ የኛ ሠፈር ሰው ስለ አንቀጽ ሲከራከር ያየሁት ያኔ ብቻ ነው። ሰኔ 3 ቀን ፌዴሬሽን ምክር ቤት የሁሉንም ዘመን አራዘመ፣ የራሱንም ጭምር። እውነቱን ልናገርና፣ ይሄ ነገር አይዋጥልኝም። አንድ ቤት ስለራሱ ዕድሜ ፈራጅ ሲሆን ያስተዛዝባል። ዳኛ ቢሆን ኖሮ ከችሎቱ ይነሣ ነበር። ግን ሕገ መንግሥቱ ሥልጣኑን የሰጠው ለዚያው ቤት ነው፣ ሌላ የሚሄዱበት በር የለም።

የማንነትና የክልልነት ጥያቄም እዚያው ነው የሚሄደው። ስልጤ በ1993 በሕዝበ ውሳኔ «እኛ ራሳችንን የቻልን ነን» ያለው በዚሁ መንገድ ነው፤ ሲዳማም ኅዳር 10 ቀን 2012 ድምፅ ሰጥቶ ክልል ሆኗል። ክልሎች ሲጣሉም ፌዴሬሽን ምክር ቤት ይዳኛል።

ብሩም አለ። በሰኔ በጀቱን የሚያፀድቀው ተወካዮች ምክር ቤት ነው። ለክልሎች የሚሰጠው ድጎማ በምን ቀመር ይከፋፈል የሚለውን ግን ፌዴሬሽን ምክር ቤት ይወስናል። አንዱ ይጋግራል፣ ሌላው ይቆርሳል። የክልል ባለሥልጣኖች ስለዚህ ቀመር ሲያወሩ ድምፃቸው ከፍ የሚለው ወደው አይደለም።

ልጅሽ አንድ ነገር ላይ ግን ልትከራከር ትችላለች። ሁለቱ ቤቶች አብረው የሚሠሩበት ጊዜ አለ። ፕሬዚዳንት የሚመረጠው በጋራ ስብሰባቸው በሁለት ሦስተኛ ድምፅ ነው። ሕገ መንግሥት ሲሻሻልም ሁለቱም ይፈለጋሉ። መምህሩ «የፌዴራል ሕግ» ብሎ ስለጠየቀ ነው እንጂ «ሕገ መንግሥት እንዴት ይሻሻላል?» ቢል ኖሮ ቀይ እስክሪብቶው እጁ ላይ ይቀር ነበር።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ፓርላማ ዕረፍት ላይ እያለ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ቢታወጅ ማን ያፀድቀዋል? ፌዴሬሽን ምክር ቤት ነው? (ከጅዳ)

መልስ፦ አይደለም ወንድሜ፣ ያው ተወካዮች ምክር ቤት ነው። የሥራ ዘመኑ ከመስከረም የመጨረሻ ሳምንት ሰኞ እስከ ሰኔ 30 ነው። በዚህ ጊዜ ከታወጀ በ48 ሰዓት፣ ዕረፍት ላይ ከሆኑ በ15 ቀን ውስጥ ይቀርብላቸዋል። ሁለት ሦስተኛ ድምፅ ካላገኘ ይወድቃል። ካገኘ እስከ ስድስት ወር ይቆያል፣ ከዚያ በየአራት ወሩ ሊታደስ ይችላል። በዚያው ጊዜ ሰባት አባላት ያሉት መርማሪ ቦርድ ይቋቋማል። ቦርዱ በአዋጁ የታሰሩትን ሰዎች ስም ከታሰሩበት ምክንያት ጋር በአንድ ወር ውስጥ ይፋ ማድረግ አለበት። እዚያ ሆነህ የቤተሰብህን ስልክ እየጠበቅክ ከሆነ፣ ጠይቀህ ማግኘት ያለብህ ያንን ዝርዝር ነው።