የሞተው ማሽን ራም ያለውን ያድናል ወይ?

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ኮምቦልቻ ውስጥ ትንሽ የጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ሱቅ አለችኝ። የምሠራበት ቀጥ ብሎ የሚቆመው ትልቁ ዴል ኦፕቲፕሌክስ 790 ነው፤ ራሙ 2 ጊጋ፣ ዊንዶውሱ ባለ 32 ቢት 7። ጠዋት አብርቼው ቡና አፍልቼ ስመለስ ገና አልተነሳም። ቀኑንም በየጠዋቱ ወደ 2011 ይመልሰዋል። መብራት ሲመላለስ ፓወሩ የተቃጠለ ተመሳሳይ ማሽን (ሁለት ባለ 2 ጊጋ ራም አለው) እና ስክሪኑ የተሰበረ ላፕቶፕ ጥግ ላይ ተቀምጠዋል። በእጄ ያለው 4,000 ብር ነው። ምን ይሻለኛል?
የጽሕፈት ሱቅ ባለቤት፣ ከኮምቦልቻ

መልስ፦ አብሽሪ እህቴ፣ ብሩን ገና አትንኪው።

መጀመሪያ የላፕቶፑን ጀርባ ፍቺና ዲስኩን እዪው። መዳፍ የምታህል ስስ ሳጥን ሆና “ኤስኤስዲ” (SSD፣ ማሽኑን ቶሎ የሚያስነሳ ፈጣን ዲስክ) ከተጻፈባት ዕድለኛ ነሽ፤ ሶኬቷ ከዴስክቶፑ ጋር አንድ ነው። ገመዱን ከሞተው ማሽን ሲዲ ማጫወቻ ንቀይ። ውስጧ የሚሽከረከር ነገር ስለሌለ ብሎን ባይገጥምላት በፕላስተር ብታጣብቂያትም ግድ የላትም። ማስቲካ የመሰለች ቀጭን ካርድ ከሆነች ግን ማሽንሽ መሰኪያዋ የለውም። የሚሽከረከር ዲስክ ከሆነም ማዛወሩ ልፋት ብቻ ነው፤ ያኔ ከብርሽ ላይ አነስተኛ ኤስኤስዲ ግዢ፣ 120 ጊጋም ይበቃሻል። የአሁኑ ዲስክሽ እዚያው ይቆይ፣ የደንበኛ ሥራ ማስቀመጫ ይሆናል። ከሁሉ በፊት ግን ፎቶና ሰነዱ ይገልበጥ።

ራሙ ላይ ስንመጣ፣ የሞተው ማሽን ራም ልክሽ ነው፤ ከአንቺው ጋር 6 ጊጋ ይሆናል። የላፕቶፑ አጭር ስለሆነ አይገባም። የመብራት ገመዱን ንቀዪ፣ ማብሪያውን አንዴ ተጫኚ፣ ብረቱን ነካ አድርጊ፣ ከዚያ ራሙን አስገብተሽ ግራና ቀኝ ያሉት መያዣዎች “ቀጭ” ብለው እስኪዘጉ ተጫኚው። ፓወሩን ያቃጠለው መብራት ራሙንም ነክቶት ሊሆን ስለሚችል፣ ዊንዶውስ ውስጥ ባለው የራም መፈተሻ አንድ በአንድ ፈትሺ።

ባለ 32 ቢት ዊንዶውስ ከ4 ጊጋ በላይ ራም አይጠቀምም። ስለዚህ አዲሷ ዲስክ ላይ ባለ 64 ቢት 10 አስጭኚ፤ ቀድመሽ ግን ለፕሪንተርሽ የ64 ቢት ድራይቨር (ፕሪንተሩን ከዊንዶውስ ጋር የሚያግባባው ፕሮግራም) መኖሩን አረጋግጪ። እርግጥ የ10 ድጋፍ በእኛ አቆጣጠር ጥቅምት 2018 አብቅቷል፣ 11 ደግሞ ፕሮሰሰርሽን በይፋ አይቀበልም። በዊንዶውስ ፈንታ የሚጫነውን ሊኑክስ እንዳልልሽ፣ ደንበኛ በድሮ ፓወር ግዕዝ የተጻፈ ሰነድ ይዞ ሲመጣ ትቸገሪያለሽ። ስለዚህ በ10 ሥሪ፣ ግን የደንበኛ ፍላሽ ለቫይረስ ሳትፈትሺ አትክፈቺ።

ቀኑን የሚያስረሳው ማዘርቦርዱ ላይ ያለችው ሳንቲም መሳይ ባትሪ ናት፤ 2032 ብለሽ ጠይቂ። ቀኑ ሲሳሳት ድረ ገጾችም አንከፈትም ይላሉ። አቧራውን በደረቅ የቀለም ብሩሽ ጥረጊው። ጎሚስታ ቤት ወስደሽ እንዳታስነፊው፣ ታንኩ ከአየሩ ጋር ውሃ ይተፋል። የተረፈሽን ብር ለስታቢላይዘር አስቀምጪ። የተቃጠለውን ፓወር አትክፈቺው፤ ከመብራት ተነቅሎም ይይዛል።

ራም ቀይረሽ ማሽኑ ከጮኸና ስክሪኑ ከጨለመ አትደንግጪ፣ የራሙን ወርቃማ ጥርስ በላጲስ አሺው። ይህን ያወቅኩት በውርደት ነው። አንድ ሰውዬ ከሐይቅ ኮምፒውተሩን በጋቢ ጠቅልሎ በሚኒባስ ደሴ ድረስ አመጣልኝ። ሰው በዝቶብኝ ነበርና ጩኸቱን ሰምቼ “ማዘርቦርዱ ሞቷል” ብዬ አሰናበትኩት። ጋቢውን መልሶ ሳይጠቀልል፣ እኔ ጋ ሥራ የሚለምደው ልጅ ራሟን ነቅሎ በላጲስ አሽቶ መለሳት፤ ተነሳ። ሰውየው አላኮረፈም፣ ላጲሱን ግን ለምኖ ይዞት ሄደ።