አውሮፕላኑ ብቻውን ወደ ግራ ሲያጋድል

ከባሕር ዳር፣ ከሽምብጥ ሰፈር አንድ ልጅ እንዲህ ብሎ ጠይቆኛል፦ «ኤስ ኮምባት 7 የሚባለውን የአውሮፕላን ውጊያ ጌም በፒኤስ 4 እጫወታለሁ። የጆይስቲኩን አናሎግ፣ ማለትም በአውራ ጣት የሚገፋውን፣ ሳልነካው አውሮፕላኑ ወደ ግራ ያጋድላል። ከጠላት ኋላ ገብቼ ሚሳኤል ስተኩስም ይስታል። ፊፋ ላይ ግን ጆይስቲኩ ምንም አይልም። አዲስ ልግዛ?»

ቆይ፣ ገና ገንዘብህን አታውጣ። የነገርከኝ ሁለት ችግር ነው። ማጋደሉ ከጆይስቲኩ ሊሆን ይችላል፣ የሚሳኤሉ ግን አይመስለኝም።

መጀመሪያ ጥፋቱ የማን እንደሆነ እንለይ። ጌሙ ውስጥ ደመናም ንፋስም አለ። ደመና ውስጥ ብዙ ስትቆይ አውሮፕላኑ ላይ በረዶ ይጋገርና አልታዘዝ ይልሃል፣ ንፋሱም ይገፋዋል። ይሄ የጌሙ ባህርይ ነው። ስለዚህ ሙከራህን ጥርት ባለ ሰማይ ላይ አድርግ። አውሮፕላኑን ቀጥ አድርገህ አውራ ጣትህን አንሳ። ወዲያው የጓደኛህን ጆይስቲክ አገናኝና ያንኑ ድገም። በሱ ቀጥ ብሎ ከሄደ ጥፋቱ ያንተው ጆይስቲክ ነው።

ፊፋ ላይ ለምን አልታየም ላልከው፣ ብዙ ጌም አናሎጉ መሀል አካባቢ ትንሽ ሲነቃነቅ እንዳላየ ያልፈዋል። በረራ ላይ ግን፣ በተለይ ማጋደሉን ራስህ በምትቆጣጠርበት በኤክስፐርት አያያዝ የምትጫወት ከሆነ፣ ያቺ ትንሽ ዝንባሌ እየተጠራቀመች ሄዳ አውሮፕላኑን በጎኑ ታስተኛዋለች። ለዚህ ነው የአናሎግ ድካም በአውሮፕላን ጌም ላይ ቀድሞ የሚታወቀው።

አናሎጉ ጎን ላይ ሁለት ትንንሽ አረንጓዴ ሳጥኖች ተለጥፈዋል። አንዷ ግራና ቀኙን፣ ሌላዋ ላይና ታቹን ትለካለች። ውስጣቸው የካርቦን ንጣፍ አለ፣ እሱ ላይ ቀጭን ብረት እየተፋተገ ይሄዳል። አናሎጉ ብዙ ጊዜውን የሚያሳልፈው መሀል ላይ ስለሆነ ንጣፉም መሀሉ ላይ ቀድሞ ያልቃል። የባሕር ዳር ሙቀት ደግሞ እጅ ያልባል፤ ላቡ ከበጋው አቧራ ጋር ሲገናኝ ጥቁር ቅባት ሆኖ አናሎጉ ስር ይጋገራል። ያንተው አንዴ አጋድሎ አንዴ ደህና የሚሆን ከሆነ ቆሻሻ ነው ብዬ እገምታለሁ። ሁሌም በአንድ አቅጣጫ፣ በአንድ ልክ ከሆነ ግን ንጣፉ አልቆ ይሆናል።

ለማጽዳት ከጀርባው ያሉትን 4 ብሎኖች ፍታ። ሁለቱን ገጽ ስትለያይ ቀስ በል፣ መሀላቸው ሪባን የሚባል ጠፍጣፋ ቀጭን ሽቦ አለ፣ ከተቀደደ ሌላ ጣጣ ነው። ባትሪውን ሳትነቅል ምንም እንዳትነካ። ፋርማሲ የሚሸጠውን 70 ፐርሰንት አልኮል አልመክርህም፣ ውሃው ብዙ ነው። ሞባይል ጥገና ቤቶች 99 ፐርሰንት አይሶፕሮፒል አልኮል አይጠፋቸውም፣ ትንሽ ጠይቃቸው። አንድ ሁለት ጠብታ አናሎጉ ስር አድርግ፣ አናሎጉን በክብ አሽከርክረው፣ በደንብ ይድረቅ፣ ከዚያ ግጠም። ቲነር ግን በጭራሽ! ፕላስቲኩን ይበላዋል።

ጸድቶም ካጋደለ አናሎጉን ብቻ ማስቀየር ነው፣ ሙሉ ጆይስቲክ አትግዛ። ይሄን ግን ራስህ አትሞክረው። ቦርዱ ላይ በሶልደር የተያዙ 14 እግሮች አሉት፣ አንዱን በጉልበት ከነቀልክ የቦርዱ መስመር አብሮ ይነሳል። እጁ ለለመደ ጠጋኝ ስጠው። ሆል ኢፌክት የሚባለውን፣ በማግኔት የሚሰራውን አናሎግ ካገኘህ እሱን ምረጥ፤ የሚፋተግ ንጣፍ ስለሌለው እንዲህ አያልቅም። ከተገጠመ በኋላ መሀሉን ማስተካከል ሊያስፈልግ ስለሚችል አውሮፕላኑ ቀጥ ብሎ ሲበር ሳታይ አትክፈል።

አሁን ወደ ሚሳኤሉ። ጠላት ላይ ያረፈው የማነጣጠሪያ ምልክት ቀይ ሆነ ማለት የግድ ይመታል ማለት አይደለም። ጠላት በጎንህ ሲያቋርጥ ወይም በጠባቡ እየታጠፈ ሳለ ከለቀቅከው ሚሳኤሉ ዞሮ አይደርስበትም። ጠላት ደመና ውስጥ ሲገባ ደግሞ ሚሳኤሉ የመከተል አቅሙ ይዳከማል። ታገስ፣ ቅረብ፣ መታጠፉን ጨርሶ ቀጥ ሲል ያኔ ልቀቅ። አጥብቀህ መታጠፍ ስትፈልግ ኤል 2 እና አር 2 የሚባሉትን ቁልፎች አንድ ላይ ይዘህ አናሎጉን ሳብ፣ ግን ፍጥነትህን ስለሚበላው አታብዛው።

ጣትህ ካዘዘ በኋላ አውሮፕላኑ ዘግይቶ የሚታጠፍ ከመሰለህ ደግሞ ቴሌቪዥኑን እይ። ስዕል ለማሳመር የሚሰራው ስራ ያዘገየዋል። ሴቲንጉ ውስጥ ጌም ሞድ ካለው አብራው፣ ከዚያ ያንኑ ሚሽን ደግመህ ተጫወት።